ለነጻ መብራት ፈልሳፊዎቻችን ምስጋና

ሰሞኑን ያ ቪዲዮ ያልደረሰው ካለ እጁን ያውጣ። አንዱ የሶኬት ማከፋፈያውን ገመድ መልሶ እዛው ማከፋፈያው ላይ ይሰካዋል፣ አምፖሉ ቦግ፣ ከስር «ሳይጠፋ ሼር አርጉት»። ከአንዱ ግሩፕ ሳጠፋው በሌላው ሲመጣብኝ ተሸነፍኩ፣ ስለዚህ ዛሬ ላመስግን።

ጽናታቸው ይደንቃል። የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ እኮ በፈረንጆቹ 1775 ያለ ምንም ጉልበት ዘላለም የሚዞር ማሽን ሰራሁ ለሚል ሁሉ በሩን ዘግቷል፣ እነሱ አሁንም እያንኳኩ ነው።

የኔ ጀግና ግን የፊላደልፊያው ጆን ኪሊ ነው። ሊትር በማይሞላ ውሃ ባቡር ከፊላደልፊያ ሳን ፍራንሲስኮ አደርሳለሁ አለ፣ በ1870ዎቹ ኩባንያ ተቋቋመለት፣ አክሲዮን ተሸጠ፣ ሞተሩን ደሞ እንደኛ በቁልፍ አይደለም የሚያስነሳው፣ በሙዚቃ መሳሪያ ነው፣ ቫዮሊኑን ገዝገዝ ሲያረግ ማሽኑ ይነቃል፣ ባለአክሲዮኖቹ መቼ ነው ገበያ የሚወጣው ሲሉት ትንሽ ቀረኝ ይላል፣ ቆይተው ሲመጡ ሌላ ሞተር ጀምሯል፣ እነሱ ሲሰለቹ ባሏ የሞተባት አንዲት ሀብታም ሴትዮ ተተካችና ትደጉመው ገባች፣ እንዲህ እያለ ሩብ ክፍለ ዘመን ገደማ ገፋና አንድም ሞተር ሳይሸጥ በ1898 ሞተ። የሴትዮዋ ልጅ የኪሊን ቤት ሲያስፈትሽ ምድር ቤት ሦስት ቶን ገደማ የሚመዝን የብረት ኳስ፣ ከወለሉ ስር ቱቦ። ለካ ሞተሩን የሚያዞረው የታመቀ አየር! ጎሚስታው የሚሸጥልን አየር! ተከታዮቹ አፈሩ? ምን በወጣቸው፣ ምስጢሩን ይዞት ሞተ አሉ እንጂ።

የኦሃዮው ስታንሊ ሜየርም በውሃ የሚሄድ መኪና አለኝ ብሎ በ1996 ፍርድ ቤት አጭበርብረሃል፣ የሁለት ሰዎች 25,000 ዶላር መልስ አለው። በ1998 ሲሞት ሐኪሙ የአንጎል ደም ስር ነው አለ፣ የኛ ሰው ደሞ ነዳጅ ሻጮች ገደሉት አለ። ፍርዱን የሚያነሳ የለም፣ ለቪው አይመችም።

አሁን ግን ቀልዱ ይቅር። እጀ ብልህ ልጅ ሞተርና ዲናሞ በቺንጋ አገናኝቶ ሌት ተቀን ይለፋል። ሁለቱም ሲዞሩ ይሞቃሉ፣ ያ ሙቀት የጠፋ ጉልበት ነው፣ የሚወጣው ሁሌ ከገባው ያንሳል፣ ይሄን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው አንድ ሰው ይጠፋል? ካሜራ ደቅነው ሊቅ ነህ ይሉታል፣ ላይክ ለቅመው ይሄዳሉ፣ እሱ እድሜውን ያቃጥላል። ነውር ነው!

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ። የመጨረሻው ቪዲዮ ላይ ፈልሳፊው መብራት ለሰው ልጅ ሁሉ በነጻ አከፋፍላለሁ ብሎ ማለ፣ አለቀስን፣ አጨበጨብን፣ ከዛ የባንክ ሂሳብ ቁጥሩ መጣ።