ለቪትዝ የተሰጠ ክብር

የኢንሹራንስ ኩባንያዎቻችንን የሚያማ ሰው ምቀኛ ነው። የአሮጌ መኪናን ዋጋ እንደነሱ አብጠርጥሮ የሚያውቅ ማን አለ?

አንድ ወዳጄ ቪትዝ አለችው። ሙሉ ዋስትና ሲገባ የሽያጭ ሠራተኛዋ እንደ እህት መከረችው። «ወንድሜ፣ ስድስት መቶ ሺህ ብለን እናስገባት፤ በየዓመቱ የምትከፍለው አረቦንም ይቀልልሃል።» እሱም ፈረመ። ውሉን አላነበበም። ደቃቅ እንግሊዝኛ ማን ያነባል?

ከዚያ ሐምሌ 2016 መጣ። የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፣ የመኪና ዋጋም ተሰቀለ። ኩባንያው ውል ሲታደስ አረቦኑን ተቀብሎ «እናመሰግናለን» አለ። ስለ መኪናዋ ዋጋ ግን ትንፍሽ አላለም። ደንበኛን ማስደንገጥ ነውር ነዋ!

በክረምት መገናኛ አካባቢ ተንሸራተተችና ምሰሶ ገጨች። ኮፈኑ ታጠፈ፣ ፓራውልቱ ወደቀ። ወዳጄ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን ይዞ ሄደ። ኢንጅነሩ መጣ። ዞራት፣ ፎቶ አነሳት፣ ጎማዋን ሳይቀር በጫማው ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ በፍቅር ጠየቀው፦

«አሁን ብትሸጣት ስንት ታወጣለች?»

«አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ!» አለ ወዳጄ ደረቱን ነፍቶ።

ኢንጅነሩ አልተከራከረም። እንዲያውም «አዎ፣ ንጹህ መኪና ናት» ብሎ ጻፈ። ከሁለት ወር ምልልስ በኋላ ነው ትርጉሙ የገባን። መኪናዋ የምታወጣው አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ፣ የገባችው በስድስት መቶ፤ እንግዲህ ኩባንያው የጥገናውን ግማሽ ይከፍላል፣ ግማሹ የባለቤቱ ነው። ከደረሰውም ላይ የእርጅና ቅናሽና በየአደጋው ባለቤቱ ራሱ የሚችለው ድርሻ ይነሳለታል። ይህ ሁሉ ውሉ ላይ አለ። ሲሸጡለት ግን ማንም አላነበበለትም፤ ጊዜውን ላለማባከን መሆን አለበት።

ጨካኝ እንዳይመስሏችሁ፣ የጎረቤቱን ልንገራችሁ። የሱ ቪትዝ በአንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ነበር የገባችው። አረቦኑንም በዚያው ልክ ሲከፍል ኖሯል። ተገልብጣ ከጥቅም ውጪ ስትሆን «ያ ጣሪያው ነው፤ ገበያው አሁን ቀዝቅዟል፣ እሷም አርጅታለች» ተባለና ስምንት መቶ ሺህ ቀረበለት። ቪትዝ ስትጫጫር ውድ ናት፣ ስትጠፋ ርካሽ። እንዲህ ያለ የገበያ ጥናት የመኪና ደላሎችም የላቸውም።

ጎረቤቱ ሊጮህ ቃጣው። የካሳ ክፍሉ ኃላፊ ግን ሻይ አዘዘለት። «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ አላነሳም» የሚለውን ወረቀት ከነእስክሪብቶው አቀበለው። «ካልተስማማህ ፍርድ ቤት መብትህ ነው» አለው በትሕትና፣ «እኛ እንኳ ቀጠሮ ለምደናል።»