ሰበብ በአራት ቅኝት

መስከረም የወላጅን ኪስ ተራ በተራ ይጎበኛል። እንቁጣጣሽ በጉን አርዳ ሄደች ሲባል ዩኒፎርምና ደብተር ይመጣሉ፤ ደብተሩ ተለብጦ ሳያልቅ ደመራ፤ የደመራው አመድ ሳይበርድ ደግሞ በ21 ግሸን ማርያም ናት፣ የደሴ መናኸሪያ በተሳላሚ ጢም ይላል። በዚህ ሰልፍ መካከል ማንም ያልጠራው እንግዳ በየዓመቱ ይደርሳል፦ አዲሱ የኳስ ጌም። ቀኑን የሚቆርጡት ፈረንጆች ባሕረ ሐሳብ የተማሩ ይመስላሉ። የ2017ቱን መስከረም 17፣ መስቀል ዕለት አወጡት፤ የ2018ቱን መስከረም 16፣ ደመራ ዕለት። አባት ችቦ ሲያስር ልጅ ሃርድ ዲስኩን በፌስታል ጠቅልሎ «ማን ጋ ገብቷል?» እያለ በፒያሳና በሰኞ ገበያ መካከል ይመላለሳል።

ጌሙ ስሙን እንደ ቀየረ ለማስታወስ የሚሞክር አለ። ከ1993 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለት ነው፣ ለ30 ዓመት ያህል «ፊፋ» ሲባል ኖሮ አሳታሚው ኢኤ ከእግር ኳሱ የበላይ አካል ጋር የነበረውን ውል ሳያድስ ቀረ። ፊፋ 23 በዚያ ስም የመጨረሻው ሆነ፤ ከ2023 ወዲህ የወጡት «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ናቸው። ይህን ለደሴ ልጅ ንገሩት። ጣልያን አገር ለቆ ከሄደ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ፒያሳ ግን ዛሬም ፒያሳ ነው። ስለዚህ በደመራ የገባውም «ፊፋ 26» ነው፣ ክርክር የለውም።

ውስጡስ ምን አዲስ ነገር አለው? ማሊያ፣ ዝውውር፣ ሽፋኑ ላይ ቤሊንግሃምና ሙሲያላ፣ ኮምፒውተር ላይ ለሚጭን ደግሞ 100 ጊጋ ባዶ ቦታ። የቀረው ለበዓል ኖራ የተቀባ ያው ቤት ነው። በሁለተኛው ፕሌይስቴሽን፣ በፒኤስ ቱ ዘመን እንዲያውም ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነበር። ለዚያ ማሽን የተሠራው የመጨረሻው ፊፋ 14 ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን በየሱቁ የዓመቱ ቁጥር በጉልህ የተጻፈበት ሲዲ አልጠፋም። ከፍተህ ስታየው ተፎካካሪው የኳስ ጌም፣ አሮጌው ፔስ ነው፤ አንድ ትጉህ ሰው የተጫዋቾቹን ስም ለውጦበታል።

እውነት በየዓመቱ የሚታደሰው የተሸናፊ ሰበብ ነው። አምና የተሸነፈ ሰው ሰበቡ አልቆበት ነሐሴን በዝምታ ያሳልፋል፤ መስከረም ላይ አዲሱ ጌም ሲገባ አፉ ይከፈታል። ወሎ ደግሞ ለአገሩ አራት ቅኝት የሰጠ ምድር ነውና ሰበቡም ያለ ቅኝት አይወጣም።

የመጀመሪያው ትዝታ ነው። የሚያዜመው በጌም ቤቱ ዕድሜው ወደ 30 የተጠጋ፣ ተራ ሳይጠብቅ የሚቀመጥ፣ ልጆቹ «ጋሼ» ሲሉት ፊቱ የሚጠቁር ሰው ነው። አራት ለባዶ ተሸንፎ ጆይስቲኩን ሲያስረክብ ስለ ፔስ 6 ማውራት ይጀምራል። የአድሪያኖ ግራ እግር፣ የምት ኃይሉ 99። ፈቃድ ስላልተገዛላቸው የውሸት ስም ይዘው ይኖሩ የነበሩት ክለቦች፦ ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ»፣ ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ»። ልጆቹ እንደ ተረት ይሰሙታል። ቀጥሎ «ያኔ ኳስ በጭንቅላት ነበር» ይላል፤ እዚህ ላይ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ጣሪያ ያያል።

ፍርድ ቤት ቢቀርብ ግን ይህ ሰው ግማሽ እውነት አለው፤ ችግሩ ያለው ጣቱ ላይ ነው። በፔስ ጎል የሚመታው በጆይስቲኳ የካሬ ቁልፍ ነው፣ ረጅም ኳስ የሚሻማው በክቧ። በፊፋ ተገላቢጦሽ ነው፤ ክቧ ትመታለች፣ ካሬዋ ታሻማለች። ስለዚህ ጋሼ በረኛ ፊት ብቻውን ደርሶ ካሬን ሲጫን ኳሷ ሰማይ ለሰማይ ሄዳ ማዕዘን መምቻው ጋ ታርፋለች። መከላከል ላይ ይብሳል። በፔስ ካሬ ማለት «አንተም ና፣ ጓደኛህን እርዳ» ነው፤ በፊፋ ካሬ ማለት መሬት ለመሬት ተንሸራቶ መጥለፍ ነው። ሰውየው በሳጥኑ ውስጥ እርዳታ ሲጣራ ተከላካዩ የሰው እግር ያጭዳል፣ ፔናሊቲና ቀይ ካርድ። የሩጫው ቁልፍም ተቀያይሯል፤ በፔስ አር ዋን፣ በፊፋ አር ቱ።

መድኃኒቱ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የመቆጣጠሪያ ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ «ክላሲክ» የሚለውን «ኦልተርኔት» ማድረግ ነው፤ ካሬና ክብ ቦታ ይለዋወጣሉ። ጋሼ ይህን ከነገሩት አምስት ዓመት ሆኖታል። አላደረገውም፤ ቢያደርገው በምን ያዜማል? አንድ ቀን ያደረገው ዕለት ደግሞ ሳይመልሰው ተነሣ። በዚያው ወንበር የተቀመጠው ተረኛ ነገሩን ሳያውቅ ግልጽ ጎል አሻማና «ኮንትሮሉ ተቀይሮብኛል!» አለ። በዚያ ቤት ታሪክ እውነት የሆነው ሰበብ እሱ ብቻ ነው፤ ማንም አላመነውም።

ሁለተኛው አንቺሆዬ ነው። ስሙ እንደሚለው «አንቺ» እያሉ የሚወቅሱበት ቅኝት ሲሆን አንቺ የምትባለዋ ጆይስቲኳ ናት። «አንቺ ናሽ ያሸነፍሽኝ!» ይህን ሰበብ በቀላሉ መመርመር ይቻላል፤ ሰበበኛው ግን ምርመራውን አይወድም። ቡድን የሚመረጥበት ገጽ ላይ ጆይስቲኳን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እጅ ማንሣት ነው። ማንም ሳይነካት ከማድሪድ ወደ ማንቸስተር መሄድ ከጀመረች ታማለች። በሽታው ከግራው ስቲክ ሥር ነው፤ ስቲኩ ወዴት እንዳዘነበለ የሚለካው ቁራጭ ውስጥ ትንሽ ምላስ በካርቦን ንጣፍ ላይ ትንሸራተታለች፣ ንጣፉ በሺህ ጊዜ መፋተግ ይላጋል፣ አቧራ ይገባበታል፣ ከዚያ መሐል ላይ ቆሞ «ወደ ግራ ነኝ» ይላል። ከቀኙ ይልቅ ግራው ቶሎ የሚሞተው ሩጫው ሁሉ በእሱ ስለሆነ ነው። አልኮል ጠብ ማድረግ ጥቂት ቀን ያስታግሣል። እውነተኛው ጥገና ስቲኩን ከነመሠረቱ መቀየር ነው፤ በፒኤስ ፎር ጆይስቲክ 14 የብየዳ ነጥብ መፍታትና መልሶ መበየድ ማለት ነው። የብየዳ ብረቱ ሲግል ቦርዱን አብሮ የሚያነሣ ጠጋኝ ሞልቷል፤ ያን ጊዜ ስቲኩ ድኖ ጆይስቲኳ ትሞታለች።

የስቲኩ ጎማ ተልጦ ሲያልቅ የሳይክል ከመነዳሪ ቆርጦ ማልበስ ደግሞ አገር በቀል ጥበብ ነው፤ ጣት አያንሸራትትም፣ ሽታው ግን እስከ ቤት ይሸኛል። ገመዱ አንገቱ ላይ ይበጠሳል፤ ለዚህ መንስኤው ጎል የገባበት ልጅ ብድግ ሲል ጆይስቲኳን ይዞ ስለሚነሣ ነው።

አየሩም በዚህ ቅኝት ይዜማል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሐረጎን ጠመዝማዛ ለጠመዝማዛ ስትወርድ ግን ከፍታው 600 ሜትር ያህል ይቀንሳል፣ ሰበቡም አብሮ ይለወጣል። ከጦሳ ተራራ ሥር ያለው ደሴዬ «ብርዱ ጣቴን አደነዘዘው» ሲል፣ ኮምቦልቻዬው «እጄ አላበኝ፣ አዳለጠኝ» ይላል። ሁለቱ ሐረጎ ወገብ ላይ ቢገናኙ የሚያላክኩበት ያጣሉ። ኮምቦልቻ ላይ በእርግጥ ማሽኑም ይሞቀዋል። ፒኤስ ፎሩ በአቧራ የተሞላ ማራገቢያውን ሲያስነሣ አዲስ ሰው አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ ይመስለዋል። ማራገቢያውን በብሩሽ ጠርጎ፣ በዋናው ቺፕ ላይ የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱን ቢቀይሩለት ዝም ይላል። ብዙ ቤት ግን የሚደረግለት ሕክምና በጎኑ እርጥብ ጨርቅ መዘርጋት ነው።

ሦስተኛው ባቲ፣ እንደ ገበያዋ ጫጫታ ነው። «ከኋላዬ እየጮሁ አሳቱኝ።» ከኋላ ያሉት በእርግጥ ይጮኻሉ፤ አንዱ ያስተላልፋል፣ አንዱ ያሠለጥናል፣ አንዱ «ወላሂ ኦፍሳይድ ነው!» ሲል ሌላው «በማርያም፣ አይደለም!» ይላል። መስመሩን ማሽኑ በሚሊሜትር ስሎ ካሳየ በኋላም መሐላው አይቆምም። ዳኛው ኮምፒውተር መሆኑ በወሎ ምድር ሽምግልናን አላስቀረም።

የጌም ቤቱ ባለቤት ግን ጫጫታውን ይወደዋል፤ ሰው ሲሟገት ይቆያል። የእሱ ጭንቅ ሌላ ነው፣ ደቂቃ። ግማሹን 4 ደቂቃ ሲያደርገው ጨዋታው 8 ነው፤ ቡድን መምረጫው፣ አሰላለፉ፣ ሪፕሌዩና ፓውዙ ሲጨመርበት 12 ይደርሳል፣ በሰዓት አምስት ጨዋታ። ግማሹን 6 ቢያደርገው በሰዓት አራት እንኳ አይሞላም። «ግማሹን ጨምርልን» የሚለው ልጅ የሚጠይቀው የባለቤቱን የቤት ኪራይ ነው። ስለዚህ «ሪፕሌዩን ዝለለው!» የሚል ድምፅ ከባንኮኒው ኋላ አይጠፋም። ጎል ያስቆጠረ ሰው ሪፕሌይ ሲዘል ማን አይቶ ያውቃል?

ጨዋታው በሦስት ዙር የሚያልቀውም እንደ ቡናው ነው። አቦሉን የተሸነፈ ቶናን ይጠይቃል፣ ቶናን የተሸነፈ በረካን ይለምናል። አሸናፊው «አብሽር» ብሎ ትከሻውን ቸብ ያደርገዋል። ከአምስት ለባዶ በኋላ እንደዚህች ቃል የሚያቃጥል ስድብ የለም።

አምባሰል ደግሞ እንደ ተራራው ከፍ ያለ ክስ ነው፤ ኩባንያው ራሱ ይከሰሳል። «ስክሪፕት ነው! ጌሙ እንድሸነፍ ወስኗል!» ኩባንያው እንዲህ ያለ ነገር የለም ብሏል፤ ክሱ ግን እዚህ ይግባኝ ላይ ነው። ከሳሹ ሲጫወት ቢታይ አር ቱን ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም። እየሮጠ ኳስ የሚቀበል ተጫዋች የመጀመሪያ ንክኪው ይከብዳል፤ ኳሷ ሁለት እርምጃ ቀድማው ተቃዋሚ እግር ውስጥ ትገባለች። መቀበያው ላይ ለአፍታ ቢለቀው ኖሮ ስክሪፕቱ ይጠፋ ነበር። ይልቅ ፍጥነቱ 97 የሆነውን ምባፔን መርጦ ሜዳውን በቁመቱ ብቻ ይለካል፣ ሐረጎን ፍሬን በሌለው መኪና እንደሚወርድ ሰው።

በዚህ ቅኝት ጌሙ ለተጫዋቾች የሚሰጠው ነጥብም ይገባል። በ26ቱ ከወንዶቹ ከላይ የተቀመጡት ሳላህና ምባፔ ናቸው፣ 91፣ 91። ዝርዝሩ የወጣ ቀን የሊቨርፑል ደጋፊ የልጁ የማትሪክ ውጤት የመጣ ይመስል ሻይ ይጋብዛል። የአርሰናሉ ለእያንዳንዱ ተጫዋቹ ሁለት ሁለት ነጥብ እንደ ተበደለ ያምናል። በዚያ ላይ አዘጋጆቹ ዘንድሮ አጨዋወቱን ለሁለት ከፈሉት፤ አንዱ ለውድድር የፈጠነ፣ አንዱ ወደ እውነተኛው ኳስ የቀረበ። ለሰበበኛው ከሰማይ የወረደ መና ነው። በፈጣኑ ሲሸነፍ «ይሄ ኳስ ነው እንዴ?» ይላል፣ በቀርፋፋው ሲሸነፍ «እንቅልፌ መጣ»።

ከሁሉም ቅኝት ውጭ የሆነ አንድ ዓይነት ልጅ አለ፣ ዝምተኛ። ጌሙ ውስጥ የኢትዮጵያ ሊግ እንደሌለ ሲያውቅ አላላከከም፤ ካሪየር የሚባለው፣ ክለብ የሚመራበት ክፍል ውስጥ ገብቶ፣ ከፊፋ 22 ጀምሮ እንደሚቻለው፣ የራሱን ክለብ ፈጠረና «ደሴ» አለው። ፊደሉ ግዕዝ ስለማይቀበል በላቲን ጻፈው፣ ሜዳውን «ሆጤ» ብሎ ሰየመው፣ እንግሊዝ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ አስገባው። አስተላላፊው የክለቡን ስም መጥራት አይችልም፤ ቅጽል ስም ይፈልግለታል። ልጁ በዚያ ክለብ ሦስት ዓመት ተጫውቶ አንድም ሰበብ አላቀረበም። ከኮምፒውተር ጋር ስለሆነ ይሆናል፤ የሚሰማው ሰው የለም።

አሁን 89ኛው ደቂቃ ላይ ነው እንበል። ጋሼ ሁለት ለባዶ እየተመራ ነው፣ ካሬን ተጭኖ ኳሷ ገና ሰማይ ላይ ናት። መብራት ሄደ። ቤቱ በአንድ ድምፅ «ኤጭ!» ሲል አንድ ሰው ብቻ ዝም አለ፤ በጨለማ ውስጥም ቢሆን ማን እንደሆነ ይታወቃል። የሂሳብ ክርክሩ በሞባይል ባትሪ ብርሃን ተጀመረ። ሕጉ ተሸናፊ ይከፍላል ነው፤ ያላለቀ ጨዋታ ግን ተሸናፊ አለው? ባለቤቱ የሚያስበው ሌላ ነገር ነው። የእሱ ማሽን «የተከፈተ» የሚባለው፣ ያልተገዛ ጌም እንዲቀበል ቁልፉ የተሰበረለት ዓይነት ስለሆነ ሲጠፋ መከፈቱን ይረሳል፤ መብራት በመጣ ቁጥር ፍላሽ ሰክቶ ከሀ መጀመር አለበት፣ አንዳንዴ በሦስተኛው ሙከራ።

መብራቱ መጣ። ማሽኑ ቀስ ብሎ ነቃና ከሁሉ በፊት «በአግባቡ አላጠፋችሁኝም» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ አወጣ።

«እሱም ሰበብ ጀመረ» አለ ባለቤቱ ፍላሹን እየፈለገ።

«ከየት እንቀጥል ታዲያ፣ ጋሼ?» አለ ሁለት ያገባው ልጅ።

ጋሼ ጆይስቲኳን አነሣ፣ ከመነዳሪውን አስተካከለ።

«ከባዶ ለባዶ ነዋ።»