ስምንቱ ሳምንት የት ይገባል?

የባዮሜዲካል ሳይንስ ተማሪዎች በየክረምቱ ለምርምር ኢንተርንሺፕ (የሥራ ልምምድ) ላብራቶሪ፣ በአጭሩ ላብ፣ ይገባሉ። ስምንት ሳምንት፣ ቢበዛ አሥር። ሲገቡ «አዲስ ጂን ታጠናላችሁ፣ መድኃኒት ሴል ላይ ትሞክራላችሁ» ይባላሉ። ሲወጡ ፖስተር ላይ የሚለጥፉት አንድ የረባ ግራፍ የላቸውም። ከዚያ ደግሞ «ልጁ ብዙም አልነበረም» ተብሎ ይወራል። አንጀት የሚያሳርረው ይሄ ነው! ልጁ ጠዋት ገብቶ ማታ ነው የሚወጣው። የቀረው ሥራ እሱ ከመምጣቱ በፊት ማለቅ የነበረበት ሥራ ነው፤ የዚያ ሥራ ባለቤት ደግሞ ላቡ ነው።

እስቲ ቀኑን እንቁጠረው። ስምንት ሳምንት 40 የሥራ ቀን ነው። የመጀመሪያው ሳምንት በደኅንነት ሥልጠና፣ በበር ካርድና በኮምፒውተር አካውንት ያልቃል። ሥልጠናው ይቅር አላልንም፤ የሰው ሴል የሚነካ ሰው የባዮሴፍቲ ደረጃ 2 ላብ (በሽታ ሊያስይዝ የሚችል ነገር የሚነካበት ላብ) ምን እንደሚጠይቅ ሳያውቅ አየሩ የሚጣራው የመሥሪያ ካቢኔ ፊት መቀመጥ የለበትም። ግን በኦንላይን የሚሰጠውን ክፍል ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ መላክ፣ የካርዱን ፎርም አስቀድሞ ማስሞላት ምን ያህል ይከብዳል? ልጁ በር የሚከፍትለት ሰው ሲጠብቅ አምስት ቀን ይሄዳል። የመጨረሻው ሳምንት የፖስተርና የንግግር ዝግጅት ነው፣ ሌላ አምስት ቀን። እጅ ላይ የሚቀረው 30 ቀን ነው።

በዚህ 30 ቀን ነው እንግዲህ «ሴል አሳድግ» የሚባለው። ሴሉ ያለው ገና ፈሳሽ ናይትሮጅን ታንክ ውስጥ ነው። ቱቦው 37 ዲግሪ ውኃ ውስጥ አንድ ሁለት ደቂቃ ተይዞ ትንሽ በረዶ ሲቀረው ይወጣል፤ አብሮት የቀዘቀዘው 10 በመቶ ዲኤምኤስኦ (ሴሉን ከበረዶ የሚጠብቅ ኬሚካል) ሞቅ ሲል ሴሉን ስለሚጎዳው መዘግየት አይቻልም። ሚዲያ (የሴሉ ምግብ የሆነ ፈሳሽ) ይጨመርበታል፣ ሴንትሪፊዩጅ ይደረጋል (በማሽን ይሽከረከራል)፣ ፍላስክ ውስጥ ይገባል። ግን በማግስቱ ሙከራ አይጀመርበትም። ሁለት ሦስት ፓሳጅ (ሴሉ ሲሞላ ወደ አዲስ ፍላስክ መከፋፈል) ማለፍ አለበት፤ ይህ ብቻ አንድ ሳምንት ተኩል ይበላል። ሴሉን ተማሪው ከመምጣቱ ሁለት ሳምንት በፊት የሚያቀልጥ ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ ቀን ይተርፍ ነበር።

ሴል የሚበክለው ጥቃቅን ባክቴሪያ፣ ማይኮፕላዝማውስ? ይሄኛው በተለይ ያበሳጫል። ሌላ ባክቴሪያ ሲገባ ሚዲያው ይደፈርሳል፣ ቀለሙም ይቀየራል፣ ሰው ያየዋል። ማይኮፕላዝማ ግን ሚዲያውን አያደፈርስም፤ በተለመደው የካልቸር ማይክሮስኮፕም አይታይም። የሴል ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን ምንም አያደርገውም። ውስጥ ውስጡን የሴሉን እድገትና የጂን አገላለጽ ይለውጣል። በፒሲአር (ዲኤንኤ አባዝቶ በሚያሳይ ዘዴ) ምርመራው የአንድ ቀን ሥራ ነው። በስድስተኛው ሳምንት «ለካ ሴሉ ተበክሎ ነበር» ሲባል የአንድ ወር ዳታ በሙሉ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል፤ ልጁ ደግሞ ጥፋቱ የእሱ ይመስለውና አንገቱን ይደፋል። ምርመራው መሠራት የነበረበት ሴሉ ለልጁ ከመሰጠቱ በፊት ነው!

ቀጥሎ ፒፔት፣ ጥቂት ፈሳሽ በልክ መሳቢያው። ተማሪው በትምህርት ቤት ላብ ስለነካው ይችላል ተብሎ ይታለፋል። ግማሽ ሰዓት ስጡት፦ ሚዛን ላይ ትንሽ ቱቦ አስቀምጦ 100 ማይክሮሊትር ውኃ አሥር ጊዜ ይጨምር፣ በየጊዜው የጨመረውን ይመዝን። ወደ 100 ሚሊግራም ሊጠጋ ይገባል። አንዴ 94፣ አንዴ 109 ካለ ችግሩ አውራ ጣቱ ላይ ነው። ሲስብ መጀመሪያ የሚያቆመው ቦታ ድረስ ብቻ ተጭኖ ቀስ ብሎ መልቀቅ አለበት፤ እስከ ሁለተኛው ከተጫነ አብዝቶ ይስባል። ሁለተኛው ማቆሚያ የሚያስፈልገው ሲያወጣ፣ የመጨረሻዋን ጠብታ ለመግፋት ነው። ቲፑን (ጫፉ ላይ የሚሰካውን ፕላስቲክ) ጠልቆ ከነከረው ደግሞ ውጪው ላይ የተለጠፈው ፈሳሽ አብሮ ይሄዳል። ይህ ሳይታረም ኪውፒሲአር (መጠን የሚለካ ፒሲአር) የሚያሠሩትን ምን እንበላቸው? እዚያ የአንድ ሳይክል (የአንድ ዙር ማባዛት) ልዩነት ማለት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት ነው። የአውራ ጣት ስህተት ግራፉ ላይ «ግኝት» ሆኖ ይወጣል።

ዌስተርን ብሎትም እንዲሁ፤ ፕሮቲኖችን ጄል ውስጥ በመጠን ለይቶ፣ ወደ ሜምብሬን አሻግሮ በአንቲቦዲ የሚፈልግ ዘዴ ነው። «ቀላል ናት፣ ሁለት ቀን ነው» ይባላል። ሁለት ቀን የሚፈጀው ሁሉም ነገር ሲሠራ ነው። ፒቪዲኤፍ ሜምብሬን (ፕሮቲኑ የሚለጠፍበት ስስ ፕላስቲክ) መጀመሪያ ሜታኖል ካልነካ ፕሮቲን አይቀበልም። በጄሉና በሜምብሬኑ መካከል አየር ከተረሳ እዚያ ቦታ ላይ ክብ ነጭ ነጥብ ይቀራል። ኤስዲኤስ የሚባል ሳሙና መሰል ኬሚካል የለበሰ ፕሮቲን ነጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ወደ ፖዘቲቩ ነው የሚሮጠው፤ ሜምብሬኑ በተቃራኒው በኩል ከተቀመጠ ፕሮቲኑ በሙሉ ጄሉ የተነከረበት ፈሳሽ ውስጥ ይቀራል። ፎስፎ አንቲቦዲ (ፎስፌት ያለበትን ፕሮቲን የሚይዝ) ይዞ ሜምብሬኑን በወተት ብሎክ ያደረገ (ባዶ ቦታውን የሸፈነ) ደግሞ ወተቱ ውስጥ ያለው ኬዚን ራሱ ፎስፌት የተሸከመ ስለሆነ የሜምብሬኑ ጀርባ በሙሉ ሊጠቁርበት ይችላል። አንቲቦዲ እንዳይበላሽ ሶዲየም አዛይድ የጨመረ ሰው ካለ፣ አዛይዱ ምልክት የሚሰጠውን ኢንዛይም ኤችአርፒን ያግደውና ባንዱ (የፕሮቲኑ መስመር) ይጠፋል። ይህን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ከሌለ ተማሪው ሦስት ሳምንት ባዶ ፊልም ሲያይ ይከርማል። ሱፐርቫይዘሩ ስብሰባ፣ ፒኤችዲ ተማሪዋ የራሷ ዴድላይን፣ ፖስትዶኩ (ከፒኤችዲ በኋላ ያለው ተመራማሪ) ዕረፍት። ክረምት ነዋ! ኢንተርን የሚቀበል ላብ በየቀኑ 15 ደቂቃ የሚሰጥ አንድ ሰው፣ እሱ ሲወጣ የሚተካ ሁለተኛ ሰው በስም መመደብ አለበት። ይህን ካልቻለ አይቀበል።

የዳታው ነገር ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። ከአንድ ፕሌት (ባለ ብዙ ጉድጓድ ሰሃን) ሦስት ዌል (ጉድጓድ) ወስዶ «ሦስት ድግግሞሽ አለኝ» የሚል ፖስተር በየዓመቱ ይለጠፋል። እነዚያ ሦስት ዌሎች የሚለኩት የፒፔት አያያዙን ነው፤ ሙከራው አንዴ ብቻ ነው የተሠራው። ሦስት የሚባለው በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ፓሳጅ ሦስት ጊዜ ሲደገም ነው። አንዱ ዙር አንድ ሳምንት ከፈጀ ሦስት ሳምንት ሄደ፣ የሚበላሽ ዙር ደግሞ አይጠፋም። ስለዚህ ለ30 ቀን የሚመጥነው አንድ ጥያቄ፣ አንድ ሕክምናና ኮንትሮሉ (ሕክምናው ያልተሰጠው ማነጻጸሪያ)፣ እዚያው ላብ ውስጥ ባለፈው ወር ሰው ሠርቶት ውጤት የሰጠ አንድ ዘዴ ነው። አዲስ ክሎኒንግ (ጂን ወደ ሌላ ዲኤንኤ መቀጠል)፣ ያልተሞከረ አንቲቦዲ፣ ፈቃዱ ያላለቀ የእንስሳ ወይም የታካሚ ናሙና ሥራ ለኢንተርን አይሰጥም። የሥነ ምግባር ፈቃድ ወራት የሚወስድ ነገር መሆኑን የማያውቅ ሱፐርቫይዘር የለም፤ እያወቁ ነው «ይደርሳል» የሚሉት።

ሴሉ ቢበላሽ የሚያዝ ተጠባባቂ ሥራም ከመጀመሪያው ይታሰብ። ጂኢኦ የሚባለው የጂን ዳታ ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ ማንም የሚያወርደው የአርኤንኤ ሴኩዌንሲንግ ዳታ (የትኛው ጂን ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳይ) ሞልቷል። ግን ልጁን ኮምፒውተር ፊት ጥሎ መሄድ አይደለም። ኤክሴል «ሴፕት2» የሚለውን የጂን ስም ሴፕቴምበር ከሚባለው የፈረንጅ ወር ጋር አምታቶ ቀን እንደሚያደርገው እንኳ ካልተነገረው ጂኖቹ ከዝርዝሩ ሲጠፉ አያይም። ችግሩ ከመብዛቱ የተነሳ በ2020 እ.ኤ.አ. የጂን ስም የሚያጸድቀው ኮሚቴ ስማቸውን ሴፕቲን2፣ ማርችኤፍ1 እያለ እስከ መቀየር ደርሷል።

ተማሪዎችም ከመቀበላችሁ በፊት ጠይቁ፤ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። በየቀኑ የሚያየኝ ማን ነው? ዘዴው እዚያ ይሠራል? አንቲቦዲውና ፕራይመሩ (ለፒሲአር የሚያስፈልገው አጭር ዲኤንኤ) ደርሷል ወይስ ገና ይታዘዛል? ፈቃዱ ላይ ስሜ አለ? የኪስ አበል አለ ወይ? አበል የሌለው ኢንተርንሺፕ ሙሉ ክረምት ያለ ገቢ መቆየት የሚችለውን ብቻ ነው የሚመርጠው፤ ችሎታ እዚያ ውስጥ አልተመዘነም። መልሱ «ስትመጪ እናያለን» ከሆነ ሌላ ላብ ፈልጉ።

አንድ ነገር ቀረ። ኢንተርኑ ሲሄድ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ፍሪዘር ውስጥ የሚተወው ሣጥን። ቱቦዎቹ ላይ «1፣ 2፣ 3» እና የስም መነሻ ፊደል ብቻ፤ ቀን የለም፣ ፓሳጅ የለም፣ መድኃኒቱ ስንት ማይክሮሞላር እንደነበር የለም። ማስታወሻ ደብተሩ ልጁ ቦርሳ ውስጥ ሄዷል። ከመጨረሻው ሳምንት ሁለት ቀን ለዚህ ቢተው፣ ሣጥኑ በዝርዝር ተመዝግቦ ደብተሩ ላቡ ውስጥ ቢቀር፣ የሚቀጥለው ሰው ካቆመበት ይነሣል። አሁን ግን ፍሪዘሩ በጸዳ ቁጥር «ይሄ የማን ነው?» ተብሎ ተጠይቆ፣ መልስ የሚሰጥ ሲጠፋ ይጣላል።