ያገለገለ ሎንግቦርድ ለውድድር፦ ፈጣኑ ይሻላል ወይስ ብዙ ሰው ያለው?

ጥያቄው የአንድ ጀማሪ ነው። ሁለት ዓመት ዊንድሰርፊንግ (ሸራ ባለው ቦርድ ላይ ቆሞ በነፋስ ውሃ ላይ መሄድ) ተለማምዷል። አሁን መወዳደር አምሮታል። አዲስ ቦርድ ለመግዛት ግን ኪሱ አይፈቅድለትም። ስለዚህ ያገለገለ ሎንግቦርድ እያፈላለገ ነው፤ ማለትም ሦስት ሜትር ተኩልና ከዚያ በላይ የሚረዝመውን፣ ከመሐሉ ወደ ውሃው የሚወርድ ዳገርቦርድ ያለውን። የቱን ይግዛ? ሁለት ሰዎች መልስ ጽፈዋል። አንዱን «ነባሩ»፣ ሌላዋን «ተወዳዳሪዋ» እንበላቸው። ይተዋወቃሉ፤ ስለዚህ አይተዛዘኑም።

ነባሩ

ልጁ ብዙ ባይደክም ጥሩ ነው። መልሱ ሚስትራል ዋን ዲዛይን ነው። ርዝመቱ 372 ሴንቲ ሜትር፣ ሸራው 7.4 ካሬ ሜትር። እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ፣ በ2000 ሲድኒ፣ በ2004 አቴንስ ኦሎምፒክ ላይ የተወዳደሩት በእሱ ነው። ሊ ላይ ሻን ለሆንግ ኮንግ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ ያመጣችው በእሱ ነው። ጋል ፍሪድማንም ለእስራኤል እንደዚያው።

ከአቴንስ በኋላ ኦሎምፒኩ ፊቱን ወደ ሌላ ቦርድ አዞረ። ሚስትራሉ ግን የትም አልሄደም። በየክለቡ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተኝቷል። ባለቤቱ ቦታ ለማስለቀቅ ሲል ብቻ ይሸጠዋል። ኦሎምፒክ የሄደ ንድፍ በዚህ ዋጋ ሌላ የት ይገኛል?

ደግሞ ነፋስ ሁልጊዜ አይነፍስም። ነፋሱ ሲደክም አጭርና ሰፊ ቦርድ ውሃ ሲገፋ ይውላል። ረጅሙ ሰንጥቆት ያልፋል። ዳገርቦርዱን እስከ መጨረሻው ታወርዳለህ። የሸራውን ምሰሶ እግር ቦርዱ ላይ ባለው ሐዲድ ወደ ፊት ትገፋለህ። ያኔ ቦርዱ በአንድ ጠርዙ ጋደም ብሎ ወደ ነፋሱ ይወጣል፤ ጀልባ የያዝክ ነው የሚመስልህ። ስትመለስ ዳገርቦርዱን በእግርህ ወደ ሆዱ ትከተዋለህ፣ ምሰሶውን ወደ ኋላ ታመጣለህ። ይሄን እግርህ ሳታስብ መሥራት ከጀመረ፣ በየትኛውም ቦርድ ላይ አታፍርም።

ተወዳዳሪዋ

ጋሼ፣ ታሪኩን ሲያወሩት ደስ ይላል። ግን ልጁ የሙዚየም ዕቃ አልጠየቀም። መወዳደር ነው የፈለገው። እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ከማን ጋር?

የሚወዳደርበት ቦታ ሄዶ መጀመሪያ ይቁጠር። አሥራ ሁለት ሰው ዊንድሰርፈር ኤልቲ የሚባለውን ሎንግቦርድ ይዞ ቢያገኝ፣ እሱ በሚስትራል ብቻውን ምን ሊሠራ ነው? ወይ ለብቻው ያስነሱታል፣ ወይ የቦርዶቹን ልዩነት ለማካካስ ሰዓቱን በቁጥር አባዝተው ውጤቱን ማታ ይነግሩታል። ማታ የሚታወቅ ውድድር ደግሞ አያጓጓም። የአንድ ዓይነት ቦርድ ውድድር ጣዕሙ እዚያው ውሃው ላይ ነው። ከፊትህ ያለው ሰው ቀደመህ፤ በቃ። ቦርዱ ነው ብለህ የምታሳብብበት ነገር የለም።

ኤልቲው 366 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ሸራው 5.7። ትንሽ ነው ይሉ ይሆናል። ግን ተወዳዳሪዎቹ በክብደት ይከፈላሉ። ዘጠና ኪሎ የሚመዝነው ከስድሳ ኪሎው ጋር አይላተምም። ኮና በሚባለው ሌላ ሎንግቦርድ ደግሞ የሸራው ስፋት ራሱ በሰውየው ክብደት ይወሰናል። እርስዎ የሚያወድሱት ሚስትራል ግን ለወፍራሙም ለቀጭኑም ያው 7.4 ነው። ልጁ ስንት ኪሎ እንደሆነ እንኳን አልጠየቁትም!

በሬስቦርድ ክፍል (የተለያየ ስም ያላቸው የውድድር ሎንግቦርዶች አብረው በሚወዳደሩበት) ይግባ ካሉ ደግሞ፣ እዚያ ስታርቦርድ ፋንተምና ኤክሶሴት ዋርፕ ይጠብቁታል፤ 380 ሴንቲ ሜትር ናቸው። ሸራቸው እስከ 9.5 ይደርሳል። በ7.4 ጀርባቸውን እያየ ይመለሳል።

ከራሴ የደረሰ ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ቦርዴ ልክ እርስዎ እንደሚመክሩት አሮጌ ሬስቦርድ ነበር። ቀለሙ ያብለጨልጫል። ሻጩ «ቤት ውስጥ ነው የኖረው» አለኝ። ገዛሁት። በሦስተኛው ሳምንት ከመኪናው ላይ ሳወርደው ከበደኝ። የደከመኝ መሰለኝ። በወሩ ሁለት ሰው ያወርደው ጀመር። ጎን ለጎን ባቆምኩት ቀን ከዳገርቦርዱ ማስገቢያ ጥግ ቡናማ ውሃ ጠብ፣ ጠብ ይል ነበር። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የሚባለው እውነት ነው።

ነባሩ

እህቴ፣ ቦርዱ ምን አጠፋ? ሳትመዝኚ የገዛሽው አንቺ ነሽ።

ልጄ፣ ከእሷ ስህተት ተማር። ልታይ ስትሄድ የሰውነት ሚዛን ይዘህ ሂድ። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ። ዳገርቦርዱን፣ ከጅራቱ ሥር ያለውን ፊንና የእግር ማሰሪያዎቹን አውልቅ። መጀመሪያ ብቻህን ተመዘን። ከዚያ ቦርዱን አቅፈህ ተመዘን። ልዩነቱ የቦርዱ ነው። ሚስትራል አዲስ እያለ 15.5 ኪሎ ገደማ ነበር። 16 ካለ ደስ ይበልህ። 17 ካለ ምን ጥገና እንደተደረገለት ጠይቅ። 19 ካለ ሦስት ሊትር ተኩል ውሃ ልትገዛ ነው፤ አመስግነህ ውጣ። ውስጡ የገባ ውሃ በአንድ ቀን ፀሐይ አይወጣም። የቦርዱን ውስጥ የሞላው ፎም ጠጥቶታል። ለወራት ብታደርቀውም ሙሉ በሙሉ መውጣቱን እርግጠኛ አትሆንም።

ከዚያ ጀርባውን በጣትህ አንጓ ከአፍንጫ እስከ ጅራት አንኳኳ። ጤነኛ ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ አለው። ድምፁ ድንገት ሲታፈን፣ የላይኛው ቆዳ ከፎሙ ተላቋል ማለት ነው። እዚያ ላይ በአውራ ጣትህ ተጫን። ጎድጎድ ካለ ወይም ከተንጫጫ፣ አበቃ። አንድ ቦታ ብቻ ፈልግ ብትለኝ፣ የእግር ማሰሪያዎቹ መሐል ፈልግ እልሃለሁ። ሰው ዓመታት ተረከዙን ሲያሳርፍበት የኖረው እዚያ ነው።

ገልብጠው። የዳገርቦርዱን ማስገቢያ የሚዘጉ ሁለት ቀጫጭን ከንፈሮች አሉ። ተቀዳደው ከሆነ አትደንግጥ። ከማይላር (ቀጭን ጠንካራ ፕላስቲክ) ቆርጠህ በማስቲሽ ትለጥፋለህ፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የሚያስደነግጠው የማስገቢያው ግድግዳ ሲሰነጠቅ ነው። ዳገርቦርዱ ከመሬት ጋር ሲጋጭ ምቱን የሚቀበለው ያ ግድግዳ ነው። የእህታችንም ቡናማ ውሃ የወጣው ከዚያው ነው። ከጠረጠርክ የጠረጠርከው ቦታ ላይ የሳሙና ውሃ ቀባ፣ የአየር ማስተንፈሻ ብሎኑን አጥብቅ፣ ቦርዱን ትንሽ ፀሐይ ላይ አቆየው። ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ያብጣል። ቀዳዳ ካለ አረፋ ይሠራል። አረፋው አይዋሽም። ሲያበቃ ብሎኑን መልሰህ ማላላቱን ግን እንዳትረሳ።

የምሰሶው ሐዲድ አልንቀሳቀስ ካለ ቶሎ አትፍረድበት። ብዙ ጊዜ አሸዋ ነው። ውሃ ልቀቅበትና ሐዲዱን የሚያላቅቀውን ፔዳል ደጋግመህ ርገጥ። አፍንጫው የተጠገነ ከሆነም ምንም አይደል። ምሰሶ ያልወደቀበት አፍንጫ ያለው፣ ውሃ ላይ ወጥቶ የማያውቅ ቦርድ ብቻ ነው።

ተወዳዳሪዋ

ይሄ ምክር ወርቅ ነው፣ እቀበለዋለሁ። ለእኔ ኤልቲም ይሠራል።

ግን እስቲ ሁሉንም ፈተና አለፈ እንበል። በሁለተኛው ወር የሐዲዱ ፔዳል ቢሰበርስ? ዳገርቦርዱ ቢታጠፍስ? ከሌላ የሞተ ሚስትራል እየነቀለ ሊኖር ነው። አሁንም የሚመረት ቦርድ ከሆነ ግን ክፍሉ ይመጣለታል። ፊኑ እንኳን እንደዚያው ነው። ፓወር ቦክስ፣ ተትል፣ ዩኤስ ቦክስ እየተባለ ማስገቢያው ይለያያል፤ አንዱ ለሌላው አይገባም። ጀማሪ ይሄን የሚያውቀው ገዝቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

ሸራውን ደግሞ ዝም ብለው አለፉት። የአሮጌ ቦርድ ሸራም አሮጌ ነው። ግልጽ ፕላስቲኩን ወደ ብርሃን አንስቶ ይየው። ቢጫ ከሆነና ጥቃቅን መሰንጠቅ ከጀመረ፣ ፀሐይ በልቶታል። በውድድር መሐል እንደ ወረቀት ይቀደዳል። እኔ በበኩሌ ገንዘቡን ለሁለት ክፈል ብባል የሚበልጠውን ለሸራው እሰጣለሁ። ደክሞ የተለጠጠ ሸራ ፋንተምንም ያዘገያል።

«ኦሎምፒክ የሄደ ንድፍ» የሚለው ቃል ራሱ ወጥመድ ነው። አርኤስኤክስ የሚባለው ቦርድም ኦሎምፒክ ሄዷል፤ ከቤጂንግ 2008 እስከ ቶኪዮ። ለፓሪስ 2024 አይኪውፎይል በሚባል ሌላ ቦርድ ተተካ። አሁን ሻጮች «ኦሎምፒክ ቦርድ» እያሉ ይደረድሩታል። ርዝመቱ 286 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 93 ነው፤ የወንዶቹ ሸራ 9.5። ዳገርቦርድ አለው፣ ግን ሎንግቦርድ አይደለም። ልጁ በስሙ ተታሎ ይሄን ቢገዛ፣ ቀላል ነፋስ ላይ ሸራ እየቀዘፈ ክንዱ ይዝላል።

ነባሩ

በአርኤስኤክስ ላይ አልከራከርሽም። በሸራውም ልክ ነሽ።

ግን አንድ ነገር ደበቅሽ። ያገለገለ ኤልቲ የት አለ? ወደ ገበያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጨረሻ ነው። የገዛው ሰው ይወደዋል፣ አይሸጠውም። ሲሸጠውም እንደ አዲስ ነው የሚጠራው። ልጁ ያንን ሲጠብቅ ስንት የውድድር ወቅት ይለፈው? በሚስትራል ግን በሚቀጥለው ሳምንት ውሃው ላይ ነው። ይሸነፍ! መነሻ መስመር ላይ ሰው እንዴት እንደሚገፋፋ፣ ተንሳፋፊውን የመዞሪያ ምልክት ከውስጥ በኩል እንዴት እንደሚዞሩት፣ በየትኛውም ቦርድ ይማረዋል። ዋጋው ወርዶ ያለቀ ነገር ደግሞ ከዚያ በታች አይወርድም። በገዛበት ይሸጠዋል።

ተወዳዳሪዋ

በገዛበት የሚሸጠው እንደ እርስዎ ያለ ገዢ ካገኘ ነው። አሁን ልንጋጭ ነው፣ ጋሼ።

ኤልቲ የሚገኘው ማስታወቂያ ላይ አይደለም። «ሎንግቦርድ» ብሎ የፈለገ ሰው የማዕበል ሰርፍ ቦርድና ጎማ ያለው መንሸራተቻ ነው የሚመጣለት። የውድድር ቦርድ በሰው በሰው ነው የሚሸጠው። ወቅቱ ሲያልቅ፣ የውድድር ቀን ሸራ በሚጠቀለልበት ሰዓት ይምጣ። «ቦርድ የሚቀይር አለ?» ብሎ አንድ ሁለት ሰው ይጠይቅ። አራት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዕቃ በፖስታ አይላክም፤ ሻጩ ቅርብ መሆኑም አንድ ጥቅም ነው። ያንን ቀን እየጠበቀ ከክለቡ ቦርድ ተውሶ ይወዳደር። መዋስ ነውር አይደለም።

ሚስትራል የሚወዳደሩ ሰዎች መሐል ከሆነ ያለው፣ እኔም ሚስትራል ይግዛ እላለሁ። ክርክሬ ከቦርዱ ጋር አይደለም። ብቻውን እንዳይቀር ነው።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። የራስዎን ሚስትራል ለመጨረሻ ጊዜ መቼ መዘኑት?

ነባሩ

ትናንት ማታ፣ ጽሑፍሽን ካነበብኩ በኋላ። 17 ኪሎ ከ400። የእግር ማሰሪያዎቹን ግን አላወለቅኳቸውም ነበር።