«አፈር ሲነካ ይጠፋል» የሚባለው ፀረ አረም

ስለ ግላይፎሴት ጥያቄ በተነሳ ቁጥር የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ አፈር ሲነካ ይመክናል፣ ባክቴሪያ ይበላዋል፣ አያሳስብም። ይህ ውሸት አይደለም፤ ግን ከእውነቱ ግማሹ ብቻ ነው። ያልተነገረው ግማሽ ደግሞ ማሳው ላይ ለሚውለው ገበሬ የበለጠ ያስፈልገዋል።

የግላይፎሴትን አረም ገዳይነት እ.ኤ.አ. በ1970 የደረሰበት የአሜሪካው ኩባንያ የሞንሳንቶ ኬሚስት ጆን ፍራንዝ ነው፤ በ1974 ራውንድአፕ በሚል ስም ገበያ ላይ ዋለ። በሞለኪዩሉ ውስጥ ፎስፈረስና ካርቦን በቀጥታ ተያይዘዋል። በሕያዋን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱ መካከል ኦክስጅን ስለሚገባ ውሃ በኢንዛይም እየታገዘ ይለያያቸዋል። ቀጥተኛውን ትስስር ግን አሲድም ሙቀትም በዋዛ አይበጥሱትም።

ባክቴሪያ ይበጥሰዋል፤ አሠራሩም ያስደንቃል። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ለዚህ ተግባር 14 ጂኖችን ደርድሮ ይዟል። ኢንዛይሞቹ ይህ ትስስር ያለውን ውህድ እንዲሁ አይነክሱትም፤ አስቀድመው ኤቲፒ ከተባለው የሕዋስ ኃይል ተሸካሚ ሞለኪዩል ላይ አዴኒን የሚባለውን ክፍል አንስተው በቦታው ውህዱን ይተክላሉ፣ ቀጥሎ ሁለት ፎስፌት ይቀንሱለታል። ከዚያ አራት ብረትና አራት ሰልፈር የተሸከመው ኢንዛይም ይመጣና ጥንድ ባልሆነ ኤሌክትሮን ኃይል ትስስሩን ይቆርጠዋል። ይህን ቅደም ተከተል እ.ኤ.አ. በ2011 የገለጡት ፍራንክ ራውሽልና ባልደረቦቹ በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ነበሩ። የብረትና የሰልፈሩ ስብስብ ኦክስጅን ሲያገኘው ስለሚበላሽ፣ ኢንዛይሙ የሚጠናው አየር በማይገባበት ሁኔታ ነው።

ይህን ያህል ድካም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባክቴሪያው የሚፈልገው ፎስፈረሱን ነው። ኢ. ኮላይ እነዚህን ጂኖች የሚከፍተው የተለመደውን የፎስፈረስ ምንጩን፣ ፎስፌትን፣ ሲያጣ ነው፤ በቂ ፎስፌት ካገኘ ይዘጋቸዋል። ብዙ የአፈር ባክቴሪያዎችም እንዲሁ ናቸው። ታዲያ ፎስፌት ያለው ማዳበሪያ በሚጨመርበት ማሳ ላይ «ባክቴሪያ ይበላዋል» ብሎ በእርግጠኝነት መናገር እንዴት ይቻላል?

ግላይፎሴት የሚፈርስበት ሌላም መንገድ አለ። በዚህኛው የሚቆረጠው የካርቦንና የናይትሮጅን ትስስር ሲሆን አምፓ የሚባል ቅሪት ይተርፋል። አምፓ ያንኑ የፎስፈረስና የካርቦን ትስስር እንደያዘ ነው፤ በአፈር ውስጥም አብዛኛውን ጊዜ ከግላይፎሴት የበለጠ ይቆያል።

አፈሩም ራሱ ይለያያል። ብረትና አሉሚኒየም የበዛበት ቀይ አሲዳማ አፈር፣ በከፍተኛ ቦታዎቻችን በስፋት የምናየው ዓይነት፣ ግላይፎሴትን አጥብቆ ይይዛል። ወደ ውሃ እንዳይወርድ ያግዳል፣ ከባክቴሪያም ይሰውረዋል። ፎስፌት ሲጨመርበት ደግሞ ለያዘው ቦታ ይሻማውና የተወሰነውን ሊያስለቅቀው ይችላል። በልዩ ልዩ አገሮች በተደረጉ ልኬቶች ግማሹ ለመጥፋት ከጥቂት ቀናት እስከ በርካታ ወራት መውሰዱ ለዚህ ነው።

ኬሚካሉ ይታገድ አልልም። ለጤፍ መሬቱን ደጋግሞ የሚያርስ ገበሬ በአንድ ርጭት ምን ያህል ጉልበት እንደሚተርፍለት ግልጽ ነው። የምጠይቀው ሌላ ነው፦ የፀረ አረሙ ምዝገባ ሲታደስ የሌላ አገር አፈር ውጤት ብቻ አይቅረብ። በእኛ ቀይ አፈርና በእኛ ዋልካ፣ ማዳበሪያ ባገኘና ባላገኘ ማሳ ይለካ። ልኬቱ አምፓንም ይጨምር፤ ግላይፎሴትን ብቻ የሚፈልግ ላቦራቶሪ ቅሪቱ ማሳው ውስጥ እያለ «ጠፍቷል» ብሎ ሊፈርም ይችላልና።