የጣሊያን 587፣ የእኛ 587

ጣሊያን አገር እስከ 1981 ድረስ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አንድ ወንድ ሚስቱን፣ ልጁን ወይም እህቱን ከሰው ጋር አግኝቶ «ክብሬ ተነካ» በሚል ንዴት ቢገድላት ቅጣቱ ከ3 እስከ 7 ዓመት ነበር። በሌላ ጠብ ሰው የገደለ ቢያንስ 21 ዓመት ይፈረድበታል። የወንጀለኛ መቅጫው አንቀጽ 587 ነው። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ።

ነገሩን ያስነሳው ሮም ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ የሰማሁት ወሬ ነው። ወሬው ስለ ኖቬላራዋ ልጅ ነበር። ኖቬላራ በሰሜን ጣሊያን ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የፓኪስታን ቤተሰብ ልጅ፣ ገና 18 ዓመቷ፣ አገር ቤት ያለ ዘመዷን አላገባም አለች። አመልክታ መጠለያ ገብታ ነበር። በ2021 ሰነዶቿን ልትወስድ ቤት ተመለሰችና በዚያው ቀረች። አስከሬኗ ከዓመት ተመንፈቅ በኋላ፣ ከቤታቸው ሳይርቅ፣ ከመሬት ተቆፍሮ ወጣ። በ2023 መጨረሻ በእናትና አባቷ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደ።

«የሃይማኖታቸው ነገር ነው» አለ አንዱ። «እኛ ጋ እንኳን እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ተመስገን ነው» አለች ሌላዋ።

እኔ ደሞ እንዲህ ሲባል ዝም ማለት አይሆንልኝም። አውግስጦስ ቄሣር ሮም ላይ ያወጣው ሕግ፣ አባት ልጁን ከነውሽማዋ ቤቱ ውስጥ ከያዛት እንዲገድላቸው ይፈቅድ ነበር። ያኔ እስልምና ቀርቶ ክርስትናም አልነበረም። በ1810 የናፖሊዮን ሕግ ሚስቱን ከውሽማዋ ጋር ቤቱ ውስጥ ይዞ የገደለ ባል ቅጣቱ ይቅለልለት አለ። የቱርክ ኦቶማኖች በ1858 የራሳቸውን ሕግ ሲያወጡ ከዚያው ቀዱ፤ ከእነሱ ደግሞ ወደ ዮርዳኖስና ሊባኖስ ተሻገረ። «የአረብ ሕግ» እየተባለ የሚወገዘው አንቀጽ የፓሪስ ዘር አለበት ማለት ነው። ፈረንሳይ የራሷን የሰረዘችው በ1975 ነው። ካቶሊኳ ብራዚል ውስጥም በ1976 ፍቅረኛውን በጥይት የገደለ ሀብታም፣ ጠበቃው «ክብሩን ሲከላከል ነው» ብሎለት በሁለት ዓመት ገደብ ወደ ቤቱ ሄዷል። ሴቶች አደባባይ ወጥተው ጮኹ፤ በ1981 እንደገና ተዳኘና 15 ዓመት ተፈረደበት። ሕንድ ሃርያና ውስጥ ደግሞ በ2007 «አንድ ጎሳ ሆናችሁ ተጋባችሁ» ተብለው የተገደሉት ባልና ሚስት ከነገዳዮቻቸው ሂንዱዎች ናቸው።

ሃይማኖትን ነፃ ላወጣው አይደለም። ፓኪስታን በሃይማኖት ስም ባወጣችው ሕግ የሟች ቤተሰብ ገዳዩን ይቅር ማለት ይችላል። ገዳዩ ወንድም፣ ይቅር ባዩ አባት! በ2016 አንዲት በማኅበራዊ ሚዲያ የታወቀች ወጣት በወንድሟ ታንቃ ስትሞት ሕጉን አጠበቁት። ሆኖም ወንድምየው በ2022 በይግባኝ ተለቀቀ። እናቱ ይቅር ብላው ነበር።

እንግዲህ ወደ ጣሊያኗ ደሴት፣ ወደ ሲሲሊ እንምጣ። የምንከባከባቸው ሲኞራ የዚያው አገር፣ የትራፓኒ ሰው ናቸው። ባቄላ እየፈለፈሉ የማያወሩኝ ነገር የለም። አንድ ቀን ስለ ፍራንካ ቪዮላ ጠየቅኳቸው። ባቄላውን አስቀመጡትና «እናቴ እኮ ስሟን እቤት አታስጠራም ነበር» አሉኝ።

ፍራንካ እዚያው ሲሲሊ ያለችው የአልካሞ ከተማ ገበሬ ልጅ ናት። በ1965 ገና በዓል ማግስት፣ በ17 ዓመቷ፣ ቀድሞ አጭቷት የነበረ የማፍያ ዘመድ ጓደኞቹን አስከትሎ ጠለፋት። ትንሽ ወንድሟ አልለቅም ብሎ ስለተጠመጠመባት እሱንም አብረው ወሰዱት። እሱን ወዲያው መለሱት፤ እሷን ሳምንት ያህል ይዘው ቆዩ። ከዚያ የጠላፊው ወገን እርቅ ላከ፤ ይጋቡ። ሕጉም ከጠላፊው ጋር ነበር። በአንቀጽ 544 ደፋሪ የደፈራትን ካገባ ክሱ ይዘጋል። አባትየው በርናርዶ እሺ ያለ መስሎ ከካራቢኒየሪ (ከፖሊሶቹ) ጋር መከረና ጠላፊዎቹን አስያዘ። ልጅቱም አላገባም አለች። የወይን እርሻቸው ተቃጠለ፣ ዛቻው በረከተ፣ አገሩ አገለላቸው። ጠላፊው 11 ዓመት ተፈረደበት። በ1968 የምትወደውን ልጅ ስታገባ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ስጦታ ላከላት፣ የሮማው ሊቀ ጳጳስም ተቀበሏት።

«እኛ ሰፈር ግን ያላፈረች ነው የምንላት» አሉ ሲኞራ። «እኔም ብያለሁ።»

ሁለቱም አንቀጾች፣ 544ም 587ም፣ የተሰረዙት በ1981 በአንድ ቀን ነው። መድፈር ራሱ እዚህ አገር «በሥነ ምግባር ላይ የተፈጸመ ወንጀል» ከመባል ወጥቶ በሰው ላይ የተፈጸመ ወንጀል የሆነው በ1996 ነው።

1996። አርሲ ውስጥ አበራሽ በቀለ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች የተጠለፈችበት ዓመት። 14 ዓመቷ ነበር። ተደፈረች። በማግስቱ የጠላፊዋን ጠመንጃ አንስታ ስትሸሽ ደረሰባት፤ ተኮሰች፣ ሞተ። የሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላትና ራሷን ስትከላከል ነው ተብላ ነፃ ወጣች። ያኔ በሥራ ላይ የነበረው በ1957 የወጣውና አንድ የስዊስ ሊቅ ያረቀቀው የወንጀለኛ መቅጫ ነው። በአንቀጽ 558 ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ አይከሰስም። የአልካሞው 544 የሥጋ ዘመድ ነው።

«እኛ ጋ የለም» ላለችው እህቴ ያልኳት ይህንን ነው። እውነት ነው፣ እኛ ጋ አባት ልጁን አያርድም። የኛ ሰው ቁጣው የሚያርፈው በጠላፊው ወገን ላይ ነው፤ ደም ይፈላለጋል። ደሙን ለማቆም ሽማግሌ ይገባል፣ ጋቢውን አጣፍቶ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ በግ ይታረዳል። ልጅቱስ? እርቅ ማውረጃ ትሆናለች። የወንዶቹ ክብር ተመለሰ፣ እሷ ከጠላፊዋ ጋር ልትኖር ሄደች። አልተገደለችም፣ ግን «እንዴት ነሽ?» ብሎ የጠየቃትም የለም።

በ2005 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ይህን ዘጋው። ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል፤ ብትጋቡም ከክስ አታመልጡም ይላል። አንቀጹ ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 587! ጣሊያን ሰርዛ የጣለችው ቁጥር እኛ ጋ የልጃገረድ ጠበቃ ሆኖ ብቅ አለ። አጋጣሚ ነው፣ ግን ደስ ይለኛል።

በ2023 ሐዋሳ ላይ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ስትጠለፍ አገር ጮኸ፣ እኛም ከዚህ ፎቶዋን ለጠፍን። ከተማ ባትሆን፣ ባንክ ባትሠራ እንደዚያ እንጮህ ነበር ወይ? ገጠር ያለችዋ ልጅ ጉዳይ ዛሬም ቢሆን አንቀጹ ጋ ሳይደርስ ሽማግሌ ጋ ያልቃል።

በርናርዶ ቪዮላ ወይኑ እየተቃጠለ ልጄን አልሰጥም ሲል 544 ገና በሥራ ላይ ያለ ሕግ ነበር። የእኛ አባቶች ስንቶቹ ሕጉ ከጎናቸው ሆኖ ሳለ «ምን ላድርግ፣ አንዴ ሆነ» ብለው ይረታሉ። ጎረቤቱን፣ ደም መቃባቱን፣ የፍርድ ቤቱን ርቀት አስቤ ላልፈርድባቸው እሞክራለሁ። ግን እፈርዳለሁ።