የኒውክሌር ኃይል ትልቁ ፈተና ጊዜ ነው

እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በዱባይ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ከ20 የሚበልጡ አገሮች የዓለምን የኒውክሌር ኃይል የማመንጨት አቅም እስከ 2050 ሦስት እጥፍ ለማድረስ ቃል ገብተዋል። ይህ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ በቼርኖቢልና በፉኩሺማ የኒውክሌር ጣቢያዎች በደረሱት አደጋዎች ላይ ያርፋል። አደጋዎቹ ፈጽሞ መዘንጋት የለባቸውም፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ጣቢያዎቹ በተባለው ጊዜ ተሠርተው መድረስ አለመድረሳቸው ነው።

በ2011 ፉኩሺማ ላይ ምድር ስትናወጥ በሥራ ላይ የነበሩት ሦስት ማብላያዎች (ሪአክተሮች) እንደታሰበው ወዲያውኑ ቆመው ነበር። ይሁንና የአቶም መሰንጠቅ ከቆመ በኋላም ነዳጁ ሙቀት መስጠቱን ስለሚቀጥል የማቀዝቀዣው ውኃ ያለማቋረጥ መዘዋወር ነበረበት፤ ሱናሚው የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮቹን ሲያጥለቀልቅ ማቀዝቀዙ ተቋረጠና ነዳጁ ቀለጠ። ጄኔሬተሮቹን ከፍ ባለ ስፍራ ማስቀመጥ ይቻል ነበር። ጉድለቱ የማዕበሉን ከፍታ አሳንሶ የገመተ አሠራርና ያንን በዝምታ ያለፈ ቁጥጥር ነው፤ ከመንግሥትም ከኩባንያም ነጻ የሆነ ተቆጣጣሪ እንዲህ ያለውን ስሕተት አስቀድሞ ሊያስቆም ይችላል።

የግንባታው ችግር በዚህ ዓይነት እርማት የሚፈታ አይደለም። በፈረንሳይ ፍላማንቪል ላይ በ2007 የተጀመረው ማብላያ በ5 ዓመት ያልቃል ተብሎ ከኤሌክትሪክ መረቡ ጋር የተገናኘው በ2024 መጨረሻ ነው፤ በ3.3 ቢሊዮን ዩሮ የተገመተው ወጪም ከ13 ቢሊዮን አልፏል። ንድፉ አዲስ ነበር፤ ብየዳው ጉድለት ተገኝቶበት እንደገና መሠራት ነበረበት፤ አገሪቱም ለረጅም ጊዜ አዲስ ጣቢያ ሳትጀምር በመቆየቷ በሥራው የተካኑ ባለሙያዎቿ ሳስተው ነበር። ጣቢያው አንድም ኪሎዋት-ሰዓት ኤሌክትሪክ ሳይሸጥ የብድሩ ወለድ ደግሞ ዓመት በዓመት ይከመራል። በአንጻሩ የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች በባራካህ አንድ ዓይነት ማብላያ አራት ጊዜ ደጋግማ አሠርታለች፤ ገንቢዎቹም በአገራቸው ግንባታ ሳያቋርጡ የቆዩ ደቡብ ኮሪያውያን ነበሩ። እዚያም መዘግየት ነበር፤ ሆኖም በ2012 የተጀመረው ሥራ በ2024 ተጠናቆ አራቱ ማብላያዎች የአገሪቱን ኤሌክትሪክ ሩብ ያህል ይሸፍናሉ። በፋብሪካ ተመርተው የሚገጠሙ አነስተኛ ማብላያዎችም ተስፋቸው በዚሁ ድግግሞሽ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ዋጋቸው ግን በተግባር ገና አልተፈተነም።

ከማብላያዎቹ ስለሚወጣው ጨረር አመንጪ ዝቃጭም ቢሆን ከቴክኒኩ ይልቅ የሚከብደው የነዋሪው ፈቃድ ነው። ፊንላንድ ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው አለት ውስጥ ማከማቻ የቆፈረችው የመከልከል ሥልጣን የነበረው የአካባቢው ምክር ቤት ተስማምቶ ነው፤ አሜሪካ በ1987 የኔቫዳን ተቃውሞ ችላ ብላ ለማከማቻነት የመረጠችው የዩካ ተራራ ግን እስከ ዛሬ አንድ ቶን እንኳ አልተቀበለም።

ጊዜ ይህን ያህል ውድ ከሆነ፣ ተሠርተው ያለቁ ጣቢያዎችን ያለ በቂ የደኅንነት ምክንያት መዝጋት የማልቀበለው ውሳኔ ነው። ጀርመን በሚያዝያ 2023 የመጨረሻዎቹን ሦስት ማብላያዎች ስታቆም የድንጋይ ከሰል ጣቢያዎቿ ገና እየነደዱ ነበር፤ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ ነበረበት።